«ቤዙ ብቻውን ያጉረመርማል»፦ የሆም ቲያትር ሁም ከየት ነው የሚገባው?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሆም ቲያትር አምፑን እዚሁ ገዛሁት። ሰብዉፈሩን ግን ወንድሜ ከአሜሪካ አመጣልኝ፤ ባለ ሦስት እግር ስፒና ነው፣ የሚሠራውም በኮንቨርተር ነው። ቴሌቪዥኑ፣ የዲሹ ዲኮደርና አምፑ በኤችዲኤምአይ ተገናኝተዋል። ችግሩ ሰብዉፈሩ ምንም ነገር ባልከፍትም ‹እምምምም› ይላል። ድምፅ ብቀንስም አይቀንስም። ዲኮደሩን ባጠፋም ያው ነው። ምጣድ ሲጣድ ደግሞ ይብስበታል። አንድ ባለሙያ ‹የአሜሪካ ዕቃ 60 ኸርዝ ስለሆነ ነው፣ ሽጠው› አለኝ። ሌላው ‹ሦስተኛዋን የግራውንድ እግር ቁረጣት፣ ዝም ይላል› አለኝ። የትኛውን ልስማ?»

ምላሽ፦

ሁለቱንም አይስሙ። ሰብዉፈሩን አይሽጡት፤ እግሯንም አይቁረጧት፤ ዕቃውን ከመሬት ጋር የምታገናኘው የግራውንድ መስመር እሷ ናት። ዕቃዎችዎ ጤነኛ ይመስሉኛል። ችግሩ ያለው በዕቃዎቹ መካከል ነው።

እንዲያውም የመልሱን ግማሽ እርስዎ ራስዎ ጽፈውታል። ድምፅ ሲቀንሱ አይቀንስም። ዲኮደሩ ቢጠፋም ያው ነው። ምጣድ ሲጣድ ይብሳል። እነዚህ ሦስት ነገሮች ለእኔ እንደ ዱካ ናቸው።

ከመጀመሬ በፊት ግን ስም እናስተካክል። እኛ አገር «ሪሲቨር» ሲባል ሰው የሚያስበው የዲሹን ሳጥን ነው። የሆም ቲያትር ሻጮች ደግሞ ስፒከሮቹን የሚነዳውን ትልቁን ሳጥን ሪሲቨር ይሉታል። በስልክ «ሪሲቨሩን ይንቀሉት» ብዬ የማይሆነውን ያስነቀልኩት ሰው ብዙ ነው። እዚህ የዲሹን ዲኮደር፣ ትልቁን ሳጥን አምፕ፣ ቤዙን የሚያሰማውን ስፒከር ሰብዉፈር፣ ያንን ‹እምምምም› ደግሞ ሁም እላለሁ።

መጀመሪያ የ60 ኸርዙን ወሬ እንጨርሰው። ሰብዉፈር ሁም ይዞ በሻንጣ ከአሜሪካ አይመጣም። የሚያሰማው እዚህ ሶኬቱ ውስጥ ያለውን ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ኮረንቲው በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው። ኮንቨርተሩ ቮልቱን ወደ 110 ያወርደዋል እንጂ 50ውን 60 አያደርገውም። ያው ሰብዉፈር በዚያው ስህተት አሜሪካ ቢገናኝ በ60 ያጉረመርማል፤ እዚህ በ50 ያጉረመርማል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

«60 ኸርዝ» የሚለው ጽሑፍ የሚመለከተው ውስጡ ያለውን ትራንስፎርመር ነው። ለ60 የተሠራ ትራንስፎርመር በዚያው ቮልት በ50 ሲሠራ፣ ብረቱ የሚሸከመው ማግኔት 20 በመቶ ይጨምራል። ነገር ግን ዕቃው የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ ኮንቨርተሩ የሚሰጠው 110 ነው። ይህ ሲታሰብ ጭማሪው ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። ደህና ተደርጎ የተሠራ ትራንስፎርመር ይህን አብዛኛውን ጊዜ ይችለዋል። ትንሽ ይሞቃል፤ ትንሽ ያቃስታል። ለአንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ ጀርባውን ዳሰስ ያድርጉት። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ያን ጊዜ እንጨነቃለን።

አንድ ነገር ደግሞ ይዩልኝ። የሰብዉፈሩ ጀርባ ላይ «100-240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» የሚል ጽሑፍ ካለ ኮንቨርተሩ ራሱ አያስፈልግም። ስፒናውን በሚያቀይር አስማሚ በቀጥታ ሶኬት ላይ ይሰካል፤ አስማሚው ግን ግራውንዱን የሚያሳልፍ ዓይነት ይሁን። ብዙ አዳዲስ ዕቃ እንዲህ ነው። ይህን ሳያነብ ኪሎ የሚመዝን ኮንቨርተር የገዛ ሰው ስንቱ ነው!

አሁን ወደ ጆሮ እንምጣ። ሁለት ዓይነት ማጉረምረም አለ፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው። ማታ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ጎንበስ ብለው ጆሮዎን ወደ ሰብዉፈሩ ያስጠጉ። ድምፁ የሚወጣው ከፊት፣ ከሚርገበገበው ክብ ነው? ወይስ ከጀርባው ብረት፣ ወይም ከኮንቨርተሩ? ከኮንቨርተሩ ከሆነ ያ የትራንስፎርመር ማቃሰት ነው። ገመድ ቢቀይሩ፣ ግራውንድ ቢያስተካክሉ አይለወጥም። ከቁም ሳጥኑ እንጨት ላይ አውርደው ላስቲክ ወይም የታጠፈ ምንጣፍ ላይ ያስቀምጡት፤ እንጨቱ ነው የሚያጎላው። ከአጻጻፍዎ ግን የእርስዎ ከፊት የሚወጣ ይመስለኛል። ስለዚህ እሱን እንከተል።

ድምፅ ሲቀንሱ አለመቀነሱ ትልቅ ነገር ይነግረናል። ድምፅ መቀነሻው ያለው አምፑ ውስጥ ነው። ሁሙ ከእሱ በፊት ገብቶ ቢሆን አብሮ ይቀንስ ነበር። አልቀነሰም። እንግዲያው የገባው ከመቀነሻው በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ምንድን ነው? ከአምፑ ወደ ሰብዉፈሩ የሚሄደው ገመድና ራሱ ሰብዉፈሩ፤ ሌላ የለም።

ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ሰብዉፈሩን ያጥፉ። ከአምፑ የሚመጣውን የድምፅ ገመድ ከሰብዉፈሩ ጀርባ ይንቀሉ። ሳያጠፉ አይንቀሉት፤ «ዷ!» ብሎ ያስደነግጥዎታል፣ ስፒከሩንም ይጎዳል። አሁን ምንም ሳይሰኩበት ያብሩት። ዝም ካለ ሰብዉፈሩ ጤነኛ ነው፤ ማንም ይፍታው ቢልዎት አያስፈቱት። ገመድ ሳይኖርም ካጉረመረመ ግን ችግሩ ውስጡ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የፓወር ሰፕላዩ ካፓሲተሮች (ኮረንቲውን የሚያለሰልሱት) አርጅተዋል። የካፓሲተር ሁም በ50 ሳይሆን በ100 ኸርዝ ነው የሚመጣው። ምክንያቱም ኮረንቲው ወደ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚፈስ) ሲቀየር የታችኛው ግማሽ ወደ ላይ ይገለበጣል፤ በሰከንድ 50 የነበረው ጉብታ 100 ይሆናል። ለጆሮ አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ፣ ሸካራ ድምፅ ነው። ስልክ ላይ የድምፅ ስፔክትረም የሚያሳይ ነጻ አፕ ጭነው ስልኩን ወደ ሰብዉፈሩ ቢያስጠጉ ቁጥሩን ያዩታል። በዚህ ብቻ ግን አይፍረዱ። ሌላውም ዓይነት ሁም ከ50ው ጋር 100ና 150 ይዞ ሊመጣ ይችላል። ዋናው ዳኛ ገመዱን መንቀል ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ደንበኛ ልክ እንደ እርስዎ የሚያጉረመርም አምፕ ይዞ መጣ። ሳልሞክር ፈታሁት። ትልልቆቹን ካፓሲተሮች ቀየርኩ። ሱቄ ውስጥ ስሞክረው ጸጥ ያለ ነው። ኩራት ተሰማኝ፤ ገንዘቤንም ተቀበልኩ። በማግስቱ ደወለ፦ «ያው ነው»። መልሶ አመጣው፤ ሱቅ ውስጥ አሁንም ዝም። ሦስተኛው ቀን ላይ ቤቱ ሄድኩ። ገብቼ ገና የዲሹን ገመድ ከዲኮደሩ ስፈታ ሁሙ እንደ መብራት ጠፋ። አሮጌዎቹ ካፓሲተሮች ደህና ነበሩ። ሱቄ ውስጥ ዲሽ አልነበረም፤ ነገሩ ይኸው ነበር። ገንዘቡን መለስኩለት። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ መጀመሪያ የምጠይቀው «ቤት ከምን ጋር ነው የተገናኘው?» ብዬ ነው።

ታዲያ ዲሹ ከቤዝ ጋር ምን አገናኘው?

ታክሲ ውስጥ አስቡት። አንድ መስኮት ተከፍቶ ማንም ምንም አይልም። ትይዩው ያለው ሲከፈት ግን «ኧረ ዝጉት፣ ነፋስ ይመታናል!» የሚሉ እናት አይጠፉም። ነፋስ የሚነፍሰው መግቢያና መውጫ ሲያገኝ ነው። ባለሙያዎች ግራውንድ ሉፕ የሚሉት ይህንኑ ነው። ዕቃዎችዎ ከመሬት ጋር በአንድ መንገድ ብቻ ቢገናኙ ምንም የሚፈስ ነገር የለም። በሁለት መንገድ ሲገናኙ ግን ሁለቱ «መሬቶች» እኩል አይደሉም። በመካከላቸው ትንሽ ቮልት አለ። በዚያ ቮልት ኮረንቲ በገመዶችዎ ዙሪያ ባለው የሽቦ ሽፋን ላይ እየዞረ ይፈሳል።

የእርስዎን ቤት ልሳልልዎ። አንደኛው መስኮት ሰብዉፈሩ ነው። ሦስተኛዋ እግር በኮንቨርተሩ በኩል ከግድግዳው ግራውንድ ጋር ታገናኘዋለች። ሁለተኛው መስኮት ጣሪያው ላይ ነው። ዲሹ ከብረት ምሰሶ ጋር ታስሯል፤ ምሰሶው ከሕንፃው ብረት ጋር። የዲሹ ገመድ ሽፋን ከዚያ ይነሣል፤ ወደ ዲኮደሩ ይወርዳል። ከዲኮደሩ በኤችዲኤምአይ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ከቴሌቪዥኑ በኤችዲኤምአይ ወደ አምፑ፣ ከአምፑ በድምፅ ገመዱ ወደ ሰብዉፈሩ። ቀለበቱ ተዘጋ። ከጣሪያ እስከ ወለል።

ኮንዶሚኒየም ሲሆን ደግሞ ጎረቤት ይጨመርበታል። ዲሹን ከጎረቤት ጋር የሚጋሩ ከሆነ የሁላችሁም ገመድ ሽፋን ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ያለችው መቀበያ) ላይ አንድ ላይ ይገናኛል። እያንዳንዱ ዲኮደር በተፈጥሮው በጣም ጥቂት ኮረንቲ ወደ ሽፋኑ ያሾልካል። ብልሽት አይደለም፤ አሠራሩ ነው። የአንዱ ምንም አይደለም። የስድስቱና የሰባቱ ቤት ሲደመር ግን መውጫ ይፈልጋል። ሕንፃው ውስጥ በደንብ ግራውንድ የተደረገው ዕቃ የእርስዎ ሰብዉፈር ብቻ ከሆነ ሁሉም በእርስዎ ሳሎን በኩል ይወርዳል። ቡና መጠራራት ብቻ አይደለም ጉርብትና።

ዲኮደሩን ቢያጠፉትም ያው የሆነው ለዚህ ነው። ሪሞት የሚያጠፋው ዲኮደሩን እንጂ ሽቦውን አይደለም። ስፒናውን ከሶኬት ቢነቅሉት እንኳ የዲሹ ገመድ እስከተጠመጠመበት ድረስ መንገዱ ክፍት ነው።

«ለምን ሰብዉፈሩ ብቻ? ለምን ሌሎቹ ስፒከሮች ዝም አሉ?» ቢሉኝ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሌሎቹ ኮረንቲ የሚያገኙት ከአምፑ ነው፤ የራሳቸው ስፒና የላቸውም፣ ስለዚህ ሁለተኛ መስኮት አይከፍቱም። ኤችዲኤምአይ ደግሞ ዲጂታል ነው። በሽፋኑ ላይ ኮረንቲ ቢያልፍም ድምፅ ሆኖ አይሰማም። በቀለበቱ ላይ ያለው ብቸኛ አናሎግ ገመድ ያ የሰብዉፈሩ አርሲኤ ገመድ ነው። በዚያ ገመድ ሽፋኑ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ይሸፍናል፣ የድምፁም መመለሻ ነው። ሽፋኑ ከነጫፎቹ 0.1 ኦም ይኑረው። በላዩ ላይ 10 ሚሊአምፒር ይፍሰስ። 1 ሚሊቮልት ይፈጠራል። የድምፁ ራሱ መጠን 300 ሚሊቮልት አካባቢ ነው። አንድ ሦስት መቶኛ ማለት ነው፤ ኢምንት። ግን ሰብዉፈር የተሠራው 50 ኸርዝን ለማጉላት ነው። ያችን ኢምንት አንሥቶ ሳሎኑን ይሞላበታል።

እንግዲህ ፈተናው ግልጽ ነው። ሰብዉፈሩን አጥፍተው የነቀሉትን ገመድ መልሰው ይሰኩ። ሁሉንም እንደተገናኘ ይተዉት፤ ሰብዉፈሩ ያጉረምርም። የዲኮደሩን ስፒና ይንቀሉ። ይህን አይዝለሉ፤ ዲኮደሩ በገመዱ ወደ ኤልኤንቢው 13 ወይም 18 ቮልት ይልካል፣ ሲፈታ መሃሉ ከጎኑ ቢነካካ ዲኮደሩን ሊጎዳ ይችላል። ከዚያ የዲሹን ገመድ ጠምዝዘው ይፍቱ። ፕላስቲኩን ይያዙ እንጂ ብረቱን አይንኩ፤ አንዳንዴ ይነዝራል። ሁሙ ከጠፋ ሌባው ተያዘ። ካልጠፋ የቴሌቪዥኑን ኤችዲኤምአይ ከአምፑ ይንቀሉ፤ ከዚያ የቀረውን። አምፑ ላይ የኤፍኤም አንቴና ካለ እሱንም አይርሱ። በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ይንቀሉ። ሁለት ባንድ ላይ ከነቀሉ የትኛው እንደሆነ አያውቁም።

ዲሹ ሆኖ ተገኘ እንበል። ምን ይደረግ?

በነጻ ከሚሆነው እንጀምር። አምፑን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ዲኮደሩንና ኮንቨርተሩን ሁሉ አንድ ዲቫይደር ላይ ይሰኩ፤ ዲቫይደሩን አንድ ሶኬት ላይ። ሁሉም ተደምረው የሚወስዱት ከአንድ ምጣድ በጣም ያነሰ ነው፤ ሶኬቱ አይከብደውም። ይህ የዲሹን መንገድ አይዘጋም፤ ግን የቤቱ ሶኬቶች በመካከላቸው የሚፈጥሩትን ልዩነት ያጠፋል። አንዳንድ ቤት ይኸው ብቻ ይበቃል።

ካልበቃ፣ ለእርስዎ የምመርጠው ኦፕቲካል ገመድ ነው። ከቴሌቪዥኑ ወደ አምፑ የሚሄደውን ኤችዲኤምአይ አውጥተው በእሱ ይተኩ። ቶሺባ በ1983 ለገበያ ያቀረበው ነገር ነው፤ ዛሬም አብዛኛው ቴሌቪዥንና አምፕ ጀርባ ላይ ቀዳዳው አለ። ውስጡ የሚሄደው ብርሃን ነው፤ ሽቦ የለውም። ብርሃን ኮረንቲ አያስተላልፍም። ቀለበቱ እዚያ ላይ ተቆረጠ፤ ዲሹ፣ ዲኮደሩና ቴሌቪዥኑ በአንድ ወገን፣ አምፑና ሰብዉፈሩ በሌላ ወገን። ዲኮደሩ አሁን በቀጥታ አምፑ ላይ ከተሰካ ወደ ቴሌቪዥኑ ያዙሩት፤ አለበለዚያ መስኮቱ እንደተከፈተ ነው። ጉድለትም አለው። ዶልቢ ዲጂታልን በ5.1 (በአምስት ስፒከርና በአንድ ሰብዉፈር) ያሳልፋል፤ ከላይም ድምፅ የሚያሰማውን ዶልቢ አትሞስን አያሳልፍም። አንዳንድ ቴሌቪዥን ደግሞ ከዲኮደር የመጣውን ወደ ስቴሪዮ ቀይሮ ነው የሚያወጣው፤ የድምፅ ሴቲንጉ ውስጥ «ቢትስትሪም» የሚለውን ይምረጡ። ለዜናና ለኳስ ግን ከበቂ በላይ ነው። ተጠንቀቁ፤ «ኮአክሲያል» የሚባለው ብርቱካንማ ቀዳዳም ዲጂታል ነው፣ እሱ ግን ሽቦ ስለሆነ አይጠቅምዎትም።

ሌላው አማራጭ በሰብዉፈሩ ገመድ ላይ የሚገባ ትንሽ ማግለያ ትራንስፎርመር ነው። ገበያ ላይ «ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር» ይሉታል። ይሠራል። ግን ርካሹ ውስጡ ያለው ብረት ሚጢጢ ነው፤ ጥልቁን ቤዝ ይበላዋል። ሰብዉፈር ገዝቶ ቤዝ የሚበላ ነገር መሰካት ለእኔ አይዋጥልኝም። ኦፕቲካል ካለ ይህን አልመርጥም።

የዲሹን ገመድ ራሱን የሚያገል ዕቃም አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለኬብል ቴሌቪዥን የተሠራው ማግለያ ዲሲን ይዘጋል። ቅድም እንዳልኩት ኤልኤንቢው የሚሠራው ከዲኮደሩ በሚመጣው 13 እና 18 ቮልት ነው። ያንን ከዘጉበት ሁሙም ይጠፋል፣ ቻናሉም ይጠፋል። ናይልሳትና ኢትዮሳትን በመቀያየሪያ የሚያዩ ከሆነ ደግሞ የመቀያየሪያው ትእዛዝም በዚያው ሽቦ ነው የሚሄደው።

ወደ ምጣዱ እንመለስ፤ በእውነቱ ከጥያቄዎ ሁሉ ያሳሰበኝ ይህ ነው።

ምጣድ 3,500 ዋት ቢሆን ከ220 ቮልት ላይ 16 አምፒር ገደማ ይጎትታል። ያ ሁሉ የሚመለሰው በኒውትራል ሽቦ ነው። ሽቦው 0.2 ኦም ቢኖረው 3 ቮልት ያህል በላዩ ላይ ይወድቃል። ይህ በራሱ ምንም አይደለም። ግራውንዱ የራሱ ሽቦ ካለው ምጣዱና ሰብዉፈሩ ብዙ አይገናኙም። ምጣድ ሲጣድ ሁሙ በጣም የሚጨምር ከሆነ ግን አንድ የምጠረጥረው ነገር አለ። አንዳንድ ኤሌክትሪሺያን የግራውንድ ሽቦ ሲያጣ ሶኬቱ ውስጥ ግራውንዱን ከኒውትራሉ ጋር በቁራጭ ሽቦ ያገናኘዋል። ለፈታሽ ግራውንድ ያለ ያስመስላል። ያን ጊዜ የምጣዱ 3 ቮልት በቀጥታ በዕቃዎችዎ መካከል ይቆማል። ሁሙ ትንሹ ጣጣ ነው። አንድ ቀን ያ ኒውትራል ቢበጠስ የአምፑ፣ የፍሪጁ፣ የልብስ ማጠቢያው ብረት ሁሉ 220 ቮልት ይሆናል። ብሬከሩም አይወድቅም።

ይህን በቴስተር ብቻ ማወቅ አይቻልም። መልቲሜትር የለመደ ሰው ይጥሩ። ምጣዱ ተጥዶ እያለ ሶኬቱ ላይ በኒውትራልና በግራውንድ መካከል ይለካ። ትክክለኛ ግራውንድ ካለ ጥቂት ቮልት ወይም የቮልት ክፋይ ያሳያል፤ ምጣዱ ሲጠፋ ይቀንሳል። ምጣዱ በዚያው መስመር ላይ እያለ ፍጹም ዜሮ ላይ ተገትሮ ከቀረ ሶኬቱ ይፈታና ይታይ። ከፌዝ (ኮረንቲ ከሚመጣበት ሽቦ) ወደ ግራውንድ ሲለካ ደግሞ 220 ገደማ መሆን አለበት። 60፣ 90፣ 110 እያለ የሚዋዥቅ ከሆነ ግራውንዱ ለስም ብቻ ነው ያለው፤ የትም አልደረሰም። ግራውንድ በሌለበት ቤት የዕቃ ብረት ሲነኩት ሽው የሚያደርግዎት ለዚህ ነው። «አምፑን ስነካው ሁሙ ይለወጣል» የሚሉኝ ሰዎችም አሉ፤ እነሱ ቤት ብዙ ጊዜ ግራውንድ አይገኝም። በእንዲህ ዓይነት ቤት፣ ባለ ሁለት እግር የሆነውን የዲኮደር ወይም የቴሌቪዥን ስፒና ገልብጦ መሰካት አንዳንዴ ሁሙን ያለዝበዋል። በነጻ ስለሆነ ይሞከር። የኮንቨርተሩን ግን አይገለብጡ፤ ምክንያቱን አሁን እነግርዎታለሁ።

ስለዚያች ሦስተኛ እግር ነው። የመከረዎት ሰው አልዋሸም፤ ብትቆረጥ ሁሙ ምናልባት ይጠፋል። ክፋቱም ይኸው ነው። አንዱን መስኮት መዝጋት ነው፤ ግን የዘጉት የእሳት አደጋ መውጫውን ነው። ገበያ ላይ ያለው ኮንቨርተር አብዛኛው ቮልቱን የሚቀንስ እንጂ የሚያገል አይደለም። አንዱ የመውጫ ሽቦ ከግድግዳው ሽቦ ጋር ቀጥታ ይገናኛል። የእኛ ስፒና ደግሞ ተገልብጦ ይሰካል። በተገለበጠ ጊዜ ከኮንቨርተሩ ከሚወጡት ሁለት ሽቦዎች አንዱ ከመሬት 220፣ ሌላው 110 ቮልት ከፍ ብሎ ይቆማል። «110 ነው፣ አይገድልም» ብለው ያሰቡት ዕቃ ውስጥ 220 ተቀምጧል ማለት ነው። የሰብዉፈሩ ትራንስፎርመር አንድ ቀን ቢያፈስ ሦስተኛዋ እግር ኮረንቲውን ወደ መሬት ታወርደዋለች፣ ብሬከሩም ይወድቃል። እሷ ከሌለች በድምፅ ገመዱ በኩል ወደ አምፑ ይሄዳል። ከአምፑ ወደ ቴሌቪዥኑ። ከዚያ ፍላሽ ሊሰካ ወደ ቀረበው ልጅ እጅ። ሁለተኛ መስኮት መዝጋት ካለብን የዲሹን እንዝጋ።

የቀረውን በአጭሩ። የሰብዉፈሩ ጀርባ ላይ ያለችው የድምፅ ማዞሪያ ጥግ ድረስ ተከፍታ ከሆነ ወደ ግማሽ ይመልሷትና የጎደለውን ከአምፑ የሰብዉፈር ሴቲንግ ላይ ይጨምሩ። ሁሙ የሚጎላው በማዞሪያዋ ነው፤ ቤዙ ሳይቀንስ ሁሙ ብቻ ይቀንሳል። የሰብዉፈሩ ገመድ ከመብራት ገመድ ጋር አብሮ ተጠምዝዞ ከሆነ ያለያዩት፤ መሻገር ካለበት መስቀል ሠርቶ ይሻገር። «ዝዝዝዝ» የሚል ቀጭን ድምፅ ከሰሙ ዲመር ወይም ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል ወይም ቻርጀር ነው፤ አንድ በአንድ ያጥፉ። ስልክ ሊጠራ ሲል የሚሰማው «ድድ ድድ ድድድ» የስልኩ ራሱ ነው፤ ሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ በሰከንድ 217 ጊዜ ብልጭ ጥፍት ስለሚል ነው። ስልኩን ከአምፑ ላይ ያንሡት። ጆሮ አስጠግተው ብቻ የሚሰሙት «ሽሽሽ» ደግሞ ሁም አይደለም፤ ሁሉም አምፕ አለው፣ ይተዉት።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ምጣዱ ጠፍቶ ሳለ ይጀምሩ። መጀመሪያ ገመዱን ከሰብዉፈሩ፣ ቀጥሎ የዲኮደሩን ስፒና፣ ከዚያ የዲሹን ገመድ። የቱ ላይ ዝም እንዳለ ይጻፉልኝ። ኤሌክትሪሺያኑ ሶኬቱን ሲፈታ ያችን ቁራጭ ሽቦ ካገኛት ደግሞ እሱንም ይንገሩኝ፤ ያን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ሌሎቹ የቤቱ ሶኬቶች ይሆናል።